መግቢያው

የአባቴ ራዲዮ እስኪሞቅ ድረስ ጊዜ ይፈጅ ነበር፤
ያቃስታል፣ ያጉረመርማል፣ እንደ ዛገ የብረት በር፤
ሆዱ ውስጥ ያሉት አምፖሎች ቀስ እያሉ ይቀላሉ፣
ድምፁ ግን የት ደረሰ? ልጆች ይቁነጠነጣሉ።
አስቀድሞ ማብራት እንዳይባል! የመብራቱ ሂሳብ አለ፤
አባቴ፣ በክሊቭላንድ ምድጃ ቅንድቡ የተቃጠለ፣
ከምሽቱ አራት ሰዓት አንዲት ደቂቃ ቀድሞ
ቁልፏን አይነካም፤ ይጠብቃል፣ ከፊቷ ቆሞ።

ስለዚህ የሆቴሉ ባንድ ሲጀምር ሰምቼ አላውቅም።
መሀል ላይ ነው የምደርሰው፣ አዝማቹ ላይ። ግድ የለኝም፤
ሰባት ዓመቴ ነው፣ ከጠረጴዛው ሥር ነኝ፣
ወንድሜ ሮስኮ በማንኪያ ጉልበቴን እየደበደበኝ፤
እና ያቺ ዘፈን፦
መስኮትሽ በርቷል፣ አየሁት።
መብራትሽ በርቷል፣ መጣሁ።

ከዚህ የበለጠ ደስታ በዓለም ላይ መኖሩን አላውቅም ነበር።

ሃያ ሁለት ዓመት ሊፍት ነዳሁ በትልቁ የልብስ መደብር።
«ሦስተኛ ፎቅ፣ ኮፍያና ጓንት! አራተኛ፣ የሕፃን አልጋ!»
በአራተኛውና በአምስተኛው መሀል፣ ሰው ከሌለ፣ በሩ ሲዘጋ፣
የዘፈኗን ድልድይ፣ ያን ወደ ሌላ ቅኝት የሚሻገረውን፣
አንጎራጉራለሁ፤ አምስተኛው ሲደርስ እውጣለሁ የቀረውን።

አሥራ ሰባት ሸክላ አለኝ፣ ሁሉም ያቺው አንዲት ዘፈን፦
አንዱ ሲሮጥ፣ አንዱ ሲያዘግም፣ አንዱ በሳክስፎን ብቻ ሲያዝን።
በአንዱ ላይ ከበሮ መቺው በሽቦ መጥረጊያ ሲያሻሸው ቆዳውን፣
እንግዳ ሊመጣበት ሲል የሚጠርግ ሰው ይመስላል ቤቱን።
አንዳቸውም ግን ከአናቷ አይጀምሯትም። ሸክላ ሦስት ደቂቃ ነው፤
በሦስት ደቂቃ ውስጥ ምክንያት የሚያወራ ማነው?

ለሰርጌ አስመታኋት። ኤሜት ፕሩዊት በአዲስ ጫማ
እግሬን እየረገጠ፣ ጆሮዬ ሥር፣ «ኦዲሊያ፣ ይቺ ዜማ…»
ብሎ ጀመረና ተወው። ትምህርት ቤት ሳለ ክላሪኔት ይነፋ ነበር፤
ኖታ ያነባል። እኔ ግን ያን የጀመረውን ነገር
አልጠየቅሁትም፣ አርባ አራት ዓመት አብረን ስንኖር።

እሱም ሄደ።

ባለፈው ሚያዝያ የፒያኖ አስተማሪዋ የሚስ ሃሊና ዕቃ ተሸጠ፤
ከሞተች ወር ሳይሞላት፣ ድስቷ ሳይቀር ደጅ ላይ ተቀመጠ።
ከፒያኖው ወንበር ሥር ካርቶን፣ ካርቶኑ ውስጥ ወረቀት፣
ወረቀቱ ላይ የዘፈኔ ስም። ሃምሳ ሳንቲም አሉኝ፤ ገዛሁት።
ኖታ አላነብም። ለኦርጋን መቺያችን ለታዴየስ ወሰድኩለት፤
አሥራ ዘጠኝ ዓመቱ ነው። ገለጠና ሳቀበት፦
«መግቢያ እኮ አላት፣ እማማ! ይህን ሳይሰሙ ነው የኖሩት?»

መታልኝ። ዘፈን አይደለም፤ ሰው ደረጃ ላይ ቁጭ ብሎ
የሚያወራ ነው የሚመስለው፣ ኮፍያውን ጉልበቱ ላይ ጥሎ፦
ቤታችን ተሸጠ ይላል፤ አንቺም ከሄድሽ ቆየሽ ይላል፤
በዚህ መንገድ አላልፍም ነበር፣ ዛሬ እግሬ አመጣኝ ይላል፤
የማላውቀው ሰው ከውስጥ ክብሪት ጫረ ይላል።
ከዚያ በኋላ ነው፣
ከዚያ በኋላ፦
መስኮትሽ በርቷል፣ አየሁት።
መብራትሽ በርቷል፣ መጣሁ።

ሰባ ዓመት ሙሉ በመስኮት እየገባሁ ኖሬአለሁ ለካ፣
በሩ ከጎኔ ቆሞ፣ አንዴም በእጄ ሳልነካ።
ይህ ነበር በሰርጋችን ዕለት ኤሜት አፍ ላይ የቆመው፣
ደስታዬን አይቶ እንደ ትኩስ ድንች የዋጠው።

አላለቀስኩም፤ ተናደድኩ እንጂ። «ድገመው» አልኩት፣ «ፈጠን አድርገህ፤
ይሄ ሰውዬ ሲያወራ ያድራል፣ ካዳመጥከው ታግሠህ።»

ዛሬ ማታ መርፌውን ከማውረዴ በፊት፣ በሻከረው ድምፄ
መግቢያውን እኔው አልኩት፣ ለማንም ሳይሆን ለራሴ።
ከዚያ ሸክላው ጀመረ፣ እንደ ሁልጊዜው፣ ከመሀል።
ኩሽናው ውስጥ መብራት በርቷል።
መንገድ ላይ የሚያልፍ ሰው ካለ፣ ያየው ይሆናል።
ሂሳቡን፣ አባቴ፣ ባለህበት ቁጠር፤
ዛሬ መብራቱ ይደር።